የስኮርታ ቤት ሲኒ አጣቢ

ስኮርታ ቤትን የከፈተው ሾፌር ነው። ሃያ ዓመት የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ አንድ ቀን ጭነት ሲያስር ገመዱ ተበጥሶ ከላይ ወደቀና ጉልበቱ ተሰበረ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ፍሪሲዮን የሚረግጥ እግር የለህም» አለው። መኪናውን ሸጠ። ገዢው ትርፍ ጎማውን፣ ሾፌሮች ስኮርታ የሚሉትን፣ ረስቶት ሄደ፤ ሾፌሩም ሊያስታውሰው አልፈለገም። ከሚስቱ ጋር ሆኖ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ስድስት ጠረጴዛ የምትይዝ ቤት ሲከራይ ያንን ጎማ ከበሩ በላይ ሰቀለው። ሰሌዳ ላጽፍ አላጽፍ እያለ ሲያወላውል ሰዉ ቤቱን «ስኮርታ» ብሎ ጨረሰ።

ምግቡ እንደማንኛውም የመንገድ ዳር ምግብ ነበር፤ ትኩስ፣ ብዙ፣ ቶሎ የሚደርስ። ቤቱን ያስጠራው ቡናው ነው። የሾፌሩ ሚስት፣ ሠራተኛው በሙሉ እትዬ የሚላት፣ ቡናውን የምትቆላው አንድ በያጅ ከዘይት በርሜል በሠራላት፣ በእጅ በሚዞር መቁያ ነበር። የረጅም መንገድ ሾፌሮች ሌሎች ሻይ ቤቶችን እያለፉ እሷ ጋ መጥተው ይቆማሉ። ዛሬ ስኮርታ ሃያ ሦስት ቤት ያለው ድርጅት ሆኗል። ሠላሳኛ ዓመቱን ሲያከብር ያሳተመው መጽሔት የጎማውን ታሪክና የእትዬን እጅ በሰፊው ይተርካል። እኔ የምተርከው ግን የሌላ ሴት ነው። እዚያው መጽሔት ውስጥ፣ አንድ ፎቶ ላይ፣ ከሠራተኞቹ ኋላ እርጥብ እጇን ሽርጧ ሥር ደብቃ ትታያለች። የቀረውን የሰማሁት ከእሷና ከልጇ ነው።

ስኮርታ በተከፈተ በሁለተኛው ዓመት ሥራ ፍለጋ ስትመጣ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ከዚያ በፊት ለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙስ ተመልካች ነበረች። የታጠቡ ጠርሙሶች ተሰልፈው በነጭ መብራት ፊት ያልፋሉ፤ እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታያለች። ቆሻሻ የቀረበትን፣ የተሰነጠቀውን፣ ዝንብ የሞተበትን እያነሳች ታወጣለች። አራት ዓመት እንዲህ ስታይ ከቆየች በኋላ ፋብሪካው የሚያይ ማሽን አስመጣና እሷንና አሥራ አንድ ባልደረቦቿን አሰናበተ። ያኔ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ ነበረቻት። የልጅቷ አባት ሌላ ከተማ ሌላ ትዳር እንዳለው ያወቀችው ከወለደች በኋላ ነው። የእሱ ነገር ሲነሳ «ተዉት፣ ይመቸው» ትላለች እንጂ ከዚያ አታልፍም።

የዚያን ቀን እትዬ ጓሮ ቆማ ቡና እያማረጠች ነበር።

«ምን ትችያለሽ?» አለቻት፣ ቀና ሳትል።

«ጠርሙስ ማየት።»

«ማየት ደግሞ ሥራ ሆነ እንዴ?»

ሴትዮዋ አጠገቧ ታጥቦ ከተደረደረው ብርጭቆ አንዱን አነሳች፣ ወደ ብርሃኑ አዞረችውና ለብቻው አስቀመጠችው። ሁለተኛውን አየች፣ መለሰችው። ሦስተኛውን ለየችው። ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱን ለይታ «እነዚህ አልታጠቡም» አለች። የእትዬ ፊት ቀላ፤ ያጠበቻቸው እሷው ራሷ ነበረች።

«ነገ ጠዋት ነይ።»

«እስከ ነገ ድረስ እነዚህን ማን ያጥባቸዋል?»

እትዬ ሳቀችና ሽርጥ ሰጠቻት።

የማጠቢያው ክፍል ጠባብ ነበር። ሁለት የሲሚንቶ ገንዳ፣ አንድ ቧንቧ፣ የእንጨት መደርደሪያና ከአዳራሹ ትሪ የሚሾልክበት ቀዳዳ። በዚያ ቀዳዳ የሰው ፊት አይታይም፤ የሚታየው እጅና ትሪ ብቻ ነው። ቧንቧውን ከጠዋት ጀምሮ ከፍታ ስለምትሠራ አስተናጋጆቹ «ፏፏቴ» አሏት። እንደ ዋዛ የተጀመረው ነገር ተጣብቆ ቀረ፤ በኋላ በኋላ ለቅጣት የተጻፈላት ደብዳቤ እንኳ ቅጽል ስሟን በቅንፍ ይዞ ነው የመጣው።

ቡና አትጠጣም። አንዴ ቀምሳ ልቧ ድው ድው ሲል አድሮ ስላስፈራት እርም ብላለች። ይሄ ለአስተናጋጆቹ የማያልቅ ቀልድ ሆነ። «ወንዝ ዳር ቤት ሠርቶ ገላውን የማይታጠብ አንቺን አየን!» ይሏታል። እሷም «እናንተ ጠጡልኝ፣ እኔ አጥብላችኋለሁ» ብላ ትመልሳለች።

በተቀጠረች በሁለተኛው ዓመት ገደማ ነው ነገሩ የተጀመረው። ሲኒ ሲመጣላት ምን እንደተረፈበት ታያለች። ፈልጋ አይደለም፤ ዓይኗ አራት ዓመት የሠራው ያንን ስለሆነ ሳታየው ማለፍ አይችልም። ብዙውን ጊዜ ከታች ትንሽ አተላ ብቻ ነው። አንድ ሰሞን ግን ሩቡ የተረፈ፣ ግማሹ የተረፈ ሲኒ ይመጣ ጀመር። ሦስት ቀን ዝም አለች። በአራተኛው ቀን እትዬ ሳሙና ልትሰጣት ስትገባ ነገረቻት።

«እትዬ፣ ቡናው እየተመለሰ ነው።»

«ማን መለሰው? ማነው ቅር ያለው?»

«አፍ አውጥቶ የተናገረ የለም። ሲኒው ውስጥ ነው እየተመለሰ ያለው።»

እትዬ መጀመሪያ አልገባትም። ትሪው ላይ የተደረደሩትን ሲኒዎች አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደች፣ የቡናውን ጆንያዎች እያንቀሳቀሰች አሸተተች። ግድግዳውን ተደግፎ የነበረው ጆንያ ከጣሪያው በሚንጠባጠብ ውሃ ከታች ርሶ ሻግቷል። ጆንያው ተጣለ፣ ጣሪያው ተጠገነ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ሲኒው ባዶውን ይመጣ ጀመር።

ከዚያ በኋላ እትዬ በየቀኑ፣ የምሳው ግርግር በረድ ሲል፣ የማጠቢያው ክፍል በር ላይ ብቅ ትላለች።

«ዛሬስ ምን አሉ?»

«ጠጥተዋል።» ወይም ደግሞ «የጠዋቶቹ ጠጥተዋል፤ ከአምስት ሰዓት ወዲህ ያሉት ትተዋል።»

እትዬ ራሷን ነቅንቃ ትወጣለች። አንዳንዴ የውሃው በርሜል ይታጠባል፤ አንዳንዴ ወፍጮው ይፈታል፤ አንዳንዴ የምታፈላው ልጅ አጠገብ ቆማ ታያታለች። ይህ ነገር አሥራ አራት ዓመት ያህል ቀጠለ። ሠራተኛው ሁለቱ ሴቶች ወሬ የሚያወሩ ይመስለዋል። ሾፌሩም እንደዚያው።

በዚህ መሃል ቤቱ አደገ። ሁለተኛው ስኮርታ ሆስፒታሉ በር ላይ ተከፈተ፣ ሦስተኛው ዩኒቨርሲቲው አጠገብ። በአሥራ ሰባተኛው ዓመት ቤቶቹ አሥራ አንድ ደረሱ። ያኔ ጓሮው ውስጥ የሚዞሩት መቁያዎች አራት ሆነው፣ እትዬ በመሃላቸው እየተመላለሰች ቆዪዎቹን ትቆጣለች። የመጀመሪያው ቤት ፎቅ ተሠራለት፤ ማጠቢያው ክፍል ግን እንደነበረ ቀረ። ሌሎቹ ቤቶች የእቃ ማጠቢያ ማሽን ገባላቸው። ፏፏቴ ማሽኑን አንዴ ሄዳ አየችውና «ጎበዝ ነው፣ ግን ዓይን የለውም» ብላ ተመለሰች።

የሾፌሩና የእትዬ ልጅ ንግድ አስተዳደር ተምሮ ሥራውን የተረከበው በዚህ ጊዜ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር እስክሪብቶ በጣቶቹ መሃል የሚያሽከረክር ሰው ነበር። ስንፍና የለበትም። ከሁሉ ቀድሞ ገብቶ ከሁሉ በኋላ ይወጣል። ከከተማው ወጣ ብሎ ለአሥራ አንዱም ቤት የሚያበስል ማእከላዊ ወጥ ቤት አሠራ። በአሥራ ስምንተኛው ዓመት እትዬ በጉበት በሽታ ታማ በአምስት ወሯ አረፈች። ፏፏቴ ከቀብር ማግስት ሥራ ገባች። ምሳ ሰዓት ሲያልፍ ወደ በሩ ዞር ብላ የማየት ልማዷን ለመተው ግን ብዙ ወራት ፈጀባት።

እትዬ ስትሞት በእጅ የሚዞሩት መቁያዎች ቆሙ። ልጁ ትልቅ የመቁያ ማሽን አስመጣና ማእከላዊው ወጥ ቤት ተከለው። ማሽኑ ጠዋት ይቆላል፣ ከሰዓት ይፈጫል፣ ቡናው በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ በየቤቱ ይደርሳል። በየበሩ «ከማሽኑ ወደ ሲኒዎ» የሚል ማስታወቂያ ተሰቀለ። ልጁ በዚህ ይኮራ ነበር፤ ኩራቱም ያለምክንያት አልነበረም። እንዲህ ያለ ትኩስ ቡና የሚያቀርብ ሌላ ቤት ከተማው ውስጥ አልነበረም።

ሲኒው መመለስ ጀመረ።

ፏፏቴ ለመጀመሪያው ቤት ሥራ አስኪያጅ ነገረችው። ሰውዬው መልካም ሰው ነው፤ ግን ደንበኛ በየጠረጴዛው «ስለ ቡናችን ምን ይላሉ?» የሚል ወረቀት እየሞላ ነበርና ያንን አውጥቶ አሳያት። ከአሥሩ ዘጠኙ «በጣም ጥሩ» ይላል። «ፏፏቴ፣ ሰዉ ረክቷል። አንቺ ምን አስጨነቀሽ?» አላት።

ምን እንዳስጨነቃት እሷም በቅጡ አታውቅም። ደመወዟ አልቀነሰም፣ የነካት ሰው የለም። ነገር ግን ሥራ ላይ እያለች እጇ ይቆማል፤ ግማሽ ሲኒ ቡና ይዛ ትፈዛለች። በመጨረሻ አንድ ነጭ ባልዲ ለብቻው አስቀመጠች፤ ከየሲኒው የተረፈውን እዚያ ትገለብጣለች። የልጇን የጥፍር ቀለም ወስዳ ባልዲው ጎን ላይ ቀይ ምልክት አደረገች። ባልዲው ድሮ ቢሆን እስከ ምልክቱ ለመሙላት አራት ቀን ይፈጅበት ነበር። አሁን ምሳ ሳይደርስ ይሞላል።

የእረፍት ቀኗን ሌሎቹን ቤቶች በመዞር ታሳልፍ ጀመር። ልጇ ያኔ ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው፤ የፋርማሲ ትምህርት ትማራለች። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያለው ስኮርታ አብረው ተቀመጡ። እናት ሻይ፣ ልጅ ቡና አዘዙ። እናትየው የራሷን ሻይ ረስታ በየጠረጴዛው ላይ ያለውን ሲኒ ስታይ፣ ልጅቷ በእፍረት መሬት ልትገባ ደረሰች።

«እማዬ፣ ሰው እያየሽ ነው እኮ!»

«ሰው አላየሁም፣ ሲኒ ነው የማየው። ያንቺን ለምን ተውሽው?»

«ጠገብኩ።»

«በቡና ይጠገባል?»

ልጅቷ ሲኒዋን አየች። ግማሹ አለ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጠጥታ የጨረሰችው መስሏት ነበር።

«አልጣመሽም?»

«ጥሩ ነው።»

«ታዲያ ጨርሺዋ።»

ልጅቷ ሲኒውን አንስታ አንዴ ፉት አለችለትና መልሳ አስቀመጠችው። «አልችልም» አለች፤ ለምን እንደሆነ ግን መናገር አልቻለችም።

የሥራ አስኪያጆቹ ወርኃዊ ስብሰባ የሚደረገው የመጀመሪያው ቤት ፎቅ ላይ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ፏፏቴ ባልዲውን አንጠልጥላ ወጣች። በሩን አንኳኳች፣ «ግቢ» ሳይሏት ገባች፣ ባልዲውን ጠረጴዛው አጠገብ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ልጁን ከወጣትነቱ ጀምራ ስለምታውቀው «አንተ» ነበር የምትለው። የዚያን ቀን ግን «እርስዎ» አለችው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አላት።

«የዛሬ ጠዋት ቡና ነው።»

«ምን ሆኖ? ተደፍቶ ነው?»

«ተትቶ ነው። ከሲኒ የተረፈ ነው፣ የአንድ ጠዋት። እትዬ ቢኖሩ ኖሮ አሳያቸው ነበር፤ አሁን ላሳይ የምችለው ለእርስዎ ነው።»

አንዱ ሥራ አስኪያጅ አፍንጫውን ያዘ። ልጁ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ ወረቀት አነሳ። «ከአሥር ደንበኛ ዘጠኙ ቡናው በጣም ጥሩ ነው ብሏል።»

«ብለው ይሆናል። እኔ የሚሉትን አልሰማም፤ የሚተዉትን ነው የማየው።»

«እሺ፣ አንቺ ራስሽ ቡናውን ቀምሰሽዋል?»

«እኔ እንኳ ቡና አልጠጣም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ክፉ ሳቅ አልነበረም ትላለች፤ እሷም እነሱን ብትሆን ትስቅ ነበር። ያልሳቀው ልጁ ብቻ ነው። እናቱ በሞተች በዓመቷ፣ በአሥራ አንድ ሥራ አስኪያጅ ፊት ስሟ ተጠርቶ ሥራው ከእሷ ሥራ ሲነጻጸርበት ደሙ ፈልቶ ነበር። «በቃ፣ ባልዲውን ይዘሽ ውረጂ» አላት። ወረደች። ደረጃው ላይ ቡናው ፈሰሰባትና ተመልሳ መጥረጊያ ጨርቅ ይዛ ደረጃዎቹን ከላይ እስከ ታች ወለወለች።

በስምንተኛው ቀን ደብዳቤ ደረሳት። «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ወደ ማእከላዊው ወጥ ቤት፣ ድስት ማጠቢያ ክፍል ተዛውራለች።

ልጇ ደብዳቤውን አንብባ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመችው። «ቅጣት ነው እኮ ይሄ! ክሰሻቸው!»

«ምን ብዬ ልክሰስ? ድስት አሳጠቡኝ ብዬ?»

ማእከላዊው ወጥ ቤት ሁለት አውቶቡስ ያስይዛል። ድስቶቹ ሰው ገብቶ የሚቆምባቸው ዓይነት ነበሩ፤ እየታጠፈች ታጥባቸዋለች፣ በጎማ ውሃ እየረጨች ታለቀልቃለች። ወገቧን የተጎዳችው እዚያ ነው። አብረዋት የሚሠሩት ደጎች ነበሩ፤ ክፍሉም ሰፊና ብርሃን ያለው ነው። ነገር ግን ድስት የሚመጣው ቀድሞ ተገልብጦ ነው፤ ማን በላ፣ ማን ተወ አይታወቅበትም። አሥራ አራት ወር እንዲህ ሠራች። በአሥራ አራት ወር ውስጥ ለማንም ስለ ቡና አንድ ቃል አልተናገረችም።

ሾፌሩ በዚህ ጊዜ ሰባ አልፎታል። ከሥራው ወጥቷል፤ ከዘራውን ይዞ የመጀመሪያው ቤት በረንዳ ላይ ይውላል። ሞተር ግን ይወዳል፤ የማእከላዊው ወጥ ቤት ማመላለሻ መኪና ተበላሽታለች ሲሉት መካኒኩ ሲሠራ አናቱ ላይ ቆሞ ሊመክረው በታክሲ መጣ። ግቢው ውስጥ ሲያልፍ በድስት ማጠቢያው በር አያት።

«አንቺ! በሕይወት አለሽ?»

«አለሁ ጋሼ። ማን ሞተች አለዎት?»

«ማንም አላለኝ። ስትጠፊ ጊዜ ክፉ እሰማለሁ ብዬ መጠየቅ ፈራሁ።» ሣጥን ስቦ ተቀመጠና ድስቶቹን ዙሪያውን አየ። «እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ነገረችው። ባልዲውን፣ ስብሰባውን፣ ከዚያ በፊት ያለውንም፣ እትዬ በየቀኑ እየመጣች ምን ትጠይቃት እንደነበር ጭምር ነገረችው። ሾፌሩ ከዘራውን በሁለት እጁ ይዞ ሰማት።

«ሚስቴ አንቺ ጋ የምትመጣው ወሬ ልታወራ አልነበረም እንዴ?»

«ወሬም እናወራ ነበር።»

የመኪናዋን ነገር ረስቶ ወደ ቤቱ ሄደ። በኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ ሁለት ቀን ከፍቶት ነበር። ሚስቱ ቡና ከማንም አብልጣ የምታውቀው አብሯት የተፈጠረ ነገር ስለሆነ ነው ብሎ ለሰው ሁሉ ሲያወራ የኖረ ሰው ነው። እሷ ይህን ነገር ለእሱ አንድ ቀን እንኳ አለማንሳቷ አናደደው። በሦስተኛው ቀን ንዴቱ ወጣለትና ልጁን አስጠራው።

«አንድ ሳምንት ሲኒ ታጥባለህ» አለው።

«አባባ፣ ድርጅት እየመራሁ እኮ ነው።»

«ስለምትመራ ነው የምትታጠበው... የምታጥበው ማለቴ ነው። አታስቀኝ፣ ሂድ።»

ልጁ እልኸኛ ነው፤ ግን አባቱን እንቢ ብሎ አያውቅም። ሰኞ ጠዋት እጅጌውን ሰብስቦ ማጠቢያው ክፍል ገባ። በመጀመሪያው ቀን አራት ሲኒ ሰበረ። ፏፏቴ ትክክል እንዳልሆነች ላሳያት ብሎ ማስታወሻ ደብተር ይዞ ነበር፤ ባዶ የመጣውንና ያልተጨረሰውን እየለየ ይጽፍ ጀመር። ያልተጨረሰው በዝቶበት ረቡዕ ላይ መጻፉን ተወው።

ሐሙስ ዕለት በቀዳዳው በኩል አንድ የሚያውቀው እጅ አየ። አውቶቡስ ተራው ውስጥ ጎማ የሚለጥፈው ሰውዬ ነው፤ ቀለበት ጣቱ ከግማሹ ተቆርጧል። ከቤቱ የመጀመሪያ ደንበኞች አንዱ ነው፤ ልማዱ ሲኒውን ራሱ አምጥቶ ቀዳዳው ላይ ማስቀመጥ ነው። ሲኒው ከግማሽ በላይ አለው። ልጁ እርጥብ እጁን እያራገፈ ሮጦ ወጣ።

«ጋሼ፣ ቡናችን እንዴት ነው?»

«አንደኛ ነው!»

«ለምን ተዉት ታዲያ?»

ጎማ ለጣፊው ወደ ቀዳዳው ዞሮ ሲኒውን አየው። «እንጃ» አለ። «እኔ እንጃ ልጄ። እናትህ እያለች ሁለት ነበር የምጠጣው። አሁን ምን እንደሆነ እንጃ፣ እርጅና ይሆናል።»

ልጁ ሳምንቱን ጨረሰ። ቅዳሜ ከሰዓት ማእከላዊው ወጥ ቤት ሄደ። ፏፏቴ ግማሽ አካሏ ድስት ውስጥ ነበር፤ ድምፁን ስትሰማ ቀና አለች።

«አጠብኩ» አላት።

«ሰማሁ። አራት ሰበሩ አሉ።»

«አምስት። አምስተኛውን ደብቄ ነው።» ከዚያ አንገቱን ደፋ። «በድያለሁ። ያን ቀን ሰው ፊት ስላሳቅኩብዎትም፣ እዚህ ስላመጣሁዎትም።»

«እርስዎ» ሲላት የመጀመሪያው ነበር። እሷ ግን ያን ጊዜ ልብ አላለችውም፤ የውሃውን ጎማ ዘግታ እጇን እየጠረገች ነበር።

«ምን ይመስልዎታል ችግሩ? ቡናው ያው እናቴ የምትገዛው ነው፤ ከዚያው ሰው ነው የምንገዛው። ማሽኑም እንከን የለውም።»

«እኔ ስለ ቡና አላውቅም። ስለ ሲኒ ግን ልንገርህ።» ወደ «አንተ» ተመልሳለች። «እትዬ ሰኞና ሐሙስ ነበር የምትቆላው። የሰኞው ረቡዕ ይፈጫል፣ የሐሙሱ ቅዳሜ። ሲኒው ያኔ ባዶ ይመጣል። አንዳንዴ ሰው ይበዛና ቡና ያልቃል፤ ያኔ በቆላችበት ቀን ትፈጨዋለች። እንደዚያ የተደረገ ቀን ይመለሳል። ሁልጊዜ ነው፤ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም።»

ልጁ እስክሪብቶውን ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ፤ አልነበረውም።

«ሁለት ቀን ያርፋል ማለት ነው?»

«ያርፍ አይረፍ እኔ ምን አውቄ። ቀኑን ነው የነገርኩህ።»

«እናቴ ይሄን ለምን አልነገረችኝም?»

«ጠየቅካት?»

አልጠየቃትም። ቆዪዎቹንም አልጠየቀም፤ ማሽኑ ሲመጣ አመስግኖ አሰናብቷቸው ነበር። በማግስቱ የመቁያውን ክፍል ኃላፊ ጠርቶ፣ የተቆላው ቡና ሰፋፊ ትሪ ላይ ተዘርግቶ ሁለት ቀን ሳይቆይ እንዳይፈጭ አዘዘ። ማስታወቂያው ከአሥራ አንዱም በር ወረደ። ለውጡን ማንም ደንበኛ አላነሳም፤ በወረቀቱ ላይ ያለው መልስም እንደነበረው «በጣም ጥሩ» ነበር። ሲኒው ግን ባዶውን መምጣት ጀመረ። ጎማ ለጣፊው እንደገና ሁለት ይጠጣ ጀመር፤ እርጅናው የት እንደገባ የጠየቀው የለም።

ልጁ ፏፏቴን «የጥራት ተቆጣጣሪ» አድርጎ ቢሮ ሊሰጣት ፈለገ። አልፈለገችም። «ቢሮ ውስጥ ሲኒ አይመጣም» አለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ መጀመሪያው ቤት ተመልሳ፣ ገንዳው ስንዝር ያህል ከፍ እንዲልላት፣ ወገቧ ከእንግዲህ መታጠፍ አይችልምና። ግንበኛ መጥቶ በሁለት ቀን ከፍ አደረገላት። በሌሎቹ ቤቶች፣ ሲኒ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ትራፊው የሚጠራቀምበት በውስጡ ያለው የሚታይ ዕቃ ተቀመጠ፤ ምን ያህል እንደሆነ እኩለ ቀን ላይ ታይቶ ይመዘገባል። ሠራተኞቹ ዕቃውን በእሷ ስም «ፏፏቴ» ብለው ጠሩት። እሷ ይህን ስትሰማ «ጉድ ነው፣ የቆሻሻ ውሃ አደረጉኝ» ብላ ሳቀች፤ ልጇ ግን እስከ ዛሬ አልወደደችውም።

ሾፌሩ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖረ። ጉልበቱ ሲፈቅድለት ከምሳ በኋላ ማጠቢያው ክፍል እየመጣ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ስለ ቡና አይጠይቃትም፤ የሚጠይቃት ስለ ሚስቱ ነው። በምን ትስቅ ነበር፣ ማንን ታማ ነበር፣ ስለ እሱስ ምን ትል ነበር። ፏፏቴ የምታስታውሰውን ነገረችው፤ ጥቂቱን ደግሞ ፈጥራ ጨመረችለት።

በሠላሳ ሁለተኛው ዓመት፣ ሃምሳ አራት ዓመቷ ላይ፣ ሐኪም ወገቧን አይቶ ሥራ እንድታቆም መከራት። አቆመች። ልጇ ያኔ የራሷን ፋርማሲ ከፍታ፣ ሁለት ልጆች ወልዳ ነበር፤ እናቷን ቤቷ ወሰደቻት። በዚያው ዓመት ድርጅቱ ሃያ ሦስተኛውን ቤት ተራራ ላይ ባለች ቀዝቃዛ ከተማ ከፈተና ለምርቃቱ ጋበዛት። ሪባን ቆረጠች፣ ፎቶ ተነሳች፣ ንግግሩ ሲረዝምባት በቆመችበት ፈዘዘች። በማግስቱ ትመለሳለች ተብሎ ነበር። አልተመለሰችም። በሁለተኛውም ቀን አልመጣችም፤ ስልኳ ተዘግቷል። ልጇ ፋርማሲውን ዘግታ ልትሄድ ስትነሳ፣ በአራተኛው ቀን ከሰዓት ከአውቶቡስ ወርዳ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከች አለች።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው? ሦስት ቀን ሙሉ ምን ስትሠሪ ከረምሽ?»

«ተኛሁ።»

«ምን?»

«አልጋ ያዝኩና ተኛሁ። ስነቃ እበላለሁ፣ ከዚያ በእግሬ ትንሽ ዞር ዞር እላለሁ፣ ተመልሼ እተኛለሁ። እንዲህ ተኝቼ አላውቅም።»

በሚቀጥለው ወር ልብሷንና አንድ ፍራሽ አስጭና ወደዚያችው ከተማ ሄደች። ሁለት ክፍል ቤት ተከራየች፣ ከኋላው ትንሽ ጓሮ ያለው። ልጇ መጀመሪያ ተቀየመች፣ ቀጥሎ ለመደችው፤ አሁን ልጆቿን ይዛ በየትምህርት ቤቱ እረፍት ትሄዳለች። እኔም ሄጄ ያገኘኋት እዚያ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በሯን ሳንኳኳ ገና መነሳቷ ነበር፤ ፊቷን ሳትታጠብ በሩን ከፈተችልኝና «ግባ፣ ቁጭ በል፣ መጣሁ» ብላኝ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ወጣች።